የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲወፍር

ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው መድኃኒት ጀምሮ ሲረጋጋና ሰውነቱ ሲሞላ ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ አማረበት» ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ውፍረቱ ግን ሁልጊዜ የመዳን ምልክት አይደለም፤ ከመድኃኒቱ የመጣም ሊሆን ይችላል።

በዚህ በኩል ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ቀዳሚዎቹ ናቸው። ሪስፔሪዶን መካከለኛ ነው፤ ሃሎፔሪዶል ያንሳል። መድኃኒቶቹ አእምሮ «ጠገብኩ» የሚልበትን ስሜት ስለሚያዳክሙ ታማሚው ቶሎ ቶሎ ይርበዋል። «ሆዳም ሆነ» ብሎ መውቀስ እንግዲህ በደል ነው። ክብደቱ በብዛት የሚጨምረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ ቦርጭ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና የደም ስብ ተደራርበው ሲመጡ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም ይሉታል። በዓለም ላይ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። ልብንና ኩላሊትን የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው።

የአገራችን ሁኔታ ሌላም ገጽ አለው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸው 121ዱ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ከሌላው ሰው በ30 ዓመት ገደማ ያጠረ ነበር። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ስለዚህ ገጠር ላይ ታማሚው መክሳቱም እንደ መወፈሩ ሁሉ መታየት አለበት። ሁለቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፦ አእምሮው ሲታከም አካሉ ይረሳል።

ዋሂልን በመሰለ የድሬዳዋ ገጠር ለሚኖር ሰው ለአእምሮ ሕክምና ከተማ፣ ድልጮራ ሆስፒታል ድረስ መመላለስ ትልቅ ወጪ ነው። ሚዛንና የግፊት መለኪያ ግን ጤና ጣቢያም ላይ ይገኛል። መድኃኒት ሲጀመር፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ ግፊትና ስኳር እንዲለካ ቤተሰብ ይጠይቅ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይታያል።

በርጫ ላይ የሚደጋገመው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ቀላል የሚመስል ግን ከባድ ጉዳይ ነው፤ ጫቱ ራሱም ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ታማሚው ውሃ ጥማት ከበዛበትና ሌሊት ለሽንት ከተመላለሰ «ጂኑ ተነሳበት» ከማለት በፊት ስኳሩ ይለካ። ሩቅያ የሚያደርጉለትም ይቀጥሉ፤ ከምርመራው ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም።

ወፈረ ተብሎ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ ግን ትልቅ አደጋ ነው፤ ሕመሙ ያገረሻል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይር፣ ወይም ሜትፎርሚን ሊጨምር ይችላል።

ረመዳን ላይ አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኛ ማግራራቱን በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ነግሮናል። መጾም የሚችል ብዙ ታማሚ መድኃኒቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ሱሑር ማዛወር ይችል ይሆናል፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ግን ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ሐኪሙን መጠየቂያው ጊዜ ሸዕባን ነው፣ የረመዳን የመጀመሪያ ቀን አይደለም።