የሆድ ላይ መርፌው ታሪክ፦ የድሮውን ፍርሃት ለአዲሱ ክትባት አናውርስ

ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ያበደ ውሻ ለነከሰው ልጅ የሰጠው ክትባት ከጥንቸል ሕብለ ሰረሰር የተዘጋጀ ነበር። አገራችንም ለረጅም ዓመታት «ፈርሚ» የተባለውን፣ ከበግ አንጎል የሚሠራውን ክትባት ተጠቅማለች፤ ለ14 ተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። የአንጎል ሥጋ አብሮ ስለሚገባ፣ አልፎ አልፎ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቩን ያጠቃና እግር ያሰንፋል። ሰው ግን ይወጋ ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውማ።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ እንዲቀር መክሯል። በሕዋስ ላይ የሚዘጋጀው አዲሱ ክትባት የአንጎል ሥጋ የለበትም። ስለዚህ ይፋግም ሆነ ወረታ ያለን ወጣቶች፣ ስኳር ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለባቸው ወላጆቻችን ቢነከሱ «መርፌውን አይችሉትም» ብለን ቤት አናስቀምጣቸው። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እንጠብ፤ ወደ ጤና ተቋም እናድርሳቸው፤ ሕመማቸውንም ለሐኪሙ እንንገር።