«ዊዝ» ጠላት የነበረበት ዘመን

ጎጃም ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ልጅ በድያለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ 1978 ዓ.ም.። መስተዋድድ ሁለት ሳምንት አስተምሬ ከሃያ የሚታረም ፈተና ሰጠሁ። አንደኛው ጥያቄ ባዶ ቦታ ሙላ ነበር። አርበኞቻችን ጣሊያንን መዋጋታቸውን የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ፎት» ከሚለው ግስ ቀጥሎ ሰረዝ ተሰምሯል። የምፈልገው መልስ «አጌንስት» ነበር። ልጁ «ዊዝ» ብሎ ሞላ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁበት።

ወረቀቱን ስመልስ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛስ በአማርኛ ከጣሊያን ጋር ተዋጉ እንል የለ እንዴ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ገና ወጣት ነኝ፤ ተማሪ ፊት መልስ ማጣትን እንደ ውርደት የምቆጥርበት ዕድሜ። «ዊዝ ካልክማ ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ተዋጉ ማለትህ ነው። አርበኞቹን ባንዳ ልታደርጋቸው ነው?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የልጁ አያት አርበኛ እንደነበሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ገዛሁ፤ የእንግሊዝኛ ቃላትን የዘር ሐረግ የሚቆጥር። ጀርባው ተገንጥሏል፣ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። አንድ ቀን ማታ ያለ ሐሳብ ስገልጥ «ዊዝ» ላይ ደረስኩ። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት።

ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች «ዊዝ» ሲሉ ዋናው ሐሳቡ «ጋር» አልነበረም። ተቃራኒ፣ ትይዩ፣ ፊት ለፊት ማለት ነበር። አንድ ሰው ከሌላው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሰይፍ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ባዶ እጁንም ሊሆን ይችላል። አብሮነትን ለመግለጽ ሌላ ቃል ነበራቸው፤ «ሚድ» የሚባል። ጀርመኖች ይህን ቃል እስከ ዛሬ «ሚት» ብለው ይጠቀሙበታል፤ ሆላንዶችም «ሜት» ይላሉ። ጀርመንኛ የ«ዊዝ»ን ዘመድም አልጣለውም፤ «ቪደር» ዛሬም ተቃዋሚ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ጠላቱን ወዳጅ አድርጎ የድሮ ወዳጁን ከቤት አስወጣ።

እንዴት ሆነ? እዚህ ላይ ዴንማርኮች ይገባሉ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ እየመጡ አገሩን ሲያተራምሱት ቆዩ። የዌሴክሱ ንጉሥ አልፍሬድ በ878 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሪያቸውን ጉትረምን ኤዲንግተን ላይ ድል ነሣው። ድል ተነሥተውም አልሄዱም፤ በስምምነት ሰሜኑንና ምሥራቁን ይዘው ተቀመጡ። አረሱ፣ ነገዱ፣ ተጋቡ። ቋንቋቸው ለእንግሊዝኛ ቅርብ ዘመድ ስለነበር ቃላቸው እንደ ጎረቤት እሳት ከቤት ቤት ተዛመተ። እንግሊዝኛ ዛሬ «እነሱ» የሚልበት «ዜይ» እንኳ ከእነሱ የተወሰደ ነው። የእነሱ «ዊዝ» ደግሞ በሁለቱም በኩል ይሠራ ነበር፤ ተቃዋሚም ነው፣ «ጋር»ም ነው። በዚህ ላይ ካህናቱ የሚያነቡት ላቲን አለ። የላቲኑ «ኩም» «ጋር» ማለት ሆኖ ሳለ ለውጊያም ይውላል፤ ልክ እንደ እኛው።

ሊቃውንቱ እነዚህን ሁለቱን ምክንያት ያነሣሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የያዝኩ ሰው ነኝና የራሴን ልጨምር፦ ሥሩ ያለው ውጊያው ውስጥ ይመስለኛል። ብቻውን የሚዋጋ የለም። ብቻውን የሚደራደር፣ የሚሟገት፣ የሚገበያይም የለም። ለሁሉም ፊት ለፊት የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ ሰይፍ ይዞ ትይዩህ የቆመው ነገ በሬ ይዞ ገበያ ላይ ትይዩህ ይቆማል። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው የያዘው ነገር ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር በሞተበት በ1400 አካባቢ «ሚድ» ከንግግር ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል።

የድሮው ጠላትነት ግን ፍርፋሪው ቀርቷል። «ዊዝስታንድ» መቋቋም ነው፤ ፊት ለፊት መቆም። «ዊዝሆልድ» መከልከል ነው። «ዊዝድሮው» ወደ ኋላ መሳብ፣ ማፈግፈግ። ኤ.ቲ.ኤም. ማሽን ላይ ካርዳችንን ከትተን የምንነካው ያ ቃል ውስጥ «ጋር» የሚባል ነገር የለም፤ ከባንኩ መንጭቆ መውሰድ ነው ያለው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ አስተማርኩ! «ዊዝ» እዚያ ምን ይሠራል ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«ሚድ»ም ጨርሶ አልሞተም። አንድ ቃል ውስጥ ተደብቆ ስድስት መቶ ዓመት አሳልፏል። «ዋይፍ» በድሮው እንግሊዝኛ ሚስት ብቻ ሳይሆን ማንኛዋም ሴት ነበረች። «ሚድዋይፍ» እንግዲህ «አብራ ያለች ሴት» ነች፤ ምጥ ከያዛት ሴት አጠገብ የማትለየዋ። አዋላጅ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው «ሚድዋይፏ መጣች» ሲባል ስሰማ፣ እንግሊዞች የጣሉትን ቃል የእኛ ሰው ተሸክሞት እንደሚዞር አስባለሁ።

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ሰሌዳ ላይ «ዊዝ» ጽፌ፣ እኩል ይሆናል ምልክት አድርጌ፣ «ጋር» ብዬ እደመድም ነበር። በቢላ ቆረጠ ለማለት «ዊዝ» ይገባል፤ በብርድ ተንቀጠቀጠ ለማለትም፤ ቦርሳ የያዘችው ልጅ ለማለትም። የትኛውም ውስጥ «ጋር» የለም። በዚያን ዘመን «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» የሚለው መፈክር የማይታይበት ቦታ አልነበረም። እንግሊዝኛው «ዳውን ዊዝ» ነው። ጋር? ከማን ጋር? በየሰልፉ መፈክሩ ሥር ቆሜ አንድ ቀን እንኳ አልገረመኝም።

ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ስለ እኛው ታሪክ ነበር። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ገቡ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው ትንሽ ጦር በጎጃም በኩል ሲገፋ፣ አምስት ዓመት ዱር ያደሩት አርበኞች ተቀላቀሉት። መጋቢት 28 ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህን ጎጃሜ ሽማግሌ ሲያወራው እንዲህ ይላል፦ ከእንግሊዝ ጋር ሆነን ከጣሊያን ጋር ተዋጋን። በአንድ ትንፋሽ ሁለት «ጋር»፤ አንዱ ወዳጅ፣ አንዱ ጠላት። ሰሚው ለአፍታ እንኳ አይደናገርም። ልጁ ከአያቱ ሲሰማ ያደገው ይህንን ነው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በቀላሉ አልሄዱም፤ አገሩን ማን ያስተዳድር በሚለው ላይ በ1934ቱም በ1937ቱም ውል ከእነሱ ጋር መሟገት ግድ ሆኗል። አምና «ከእንግሊዝ ጋር» የተባለው ዘንድሮ ፊቱን አዞረ።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈረንሳይኛን አስለቅቆ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የነገሠው በዚሁ ሰሞን ነው። እኔም የዚያ ፍሬ ነኝ። ሕጉን ከነነጠላ ሰረዙ ሸመደድኩ፤ ቋንቋው ራሱ ሕጉን እንዴት እንደሚጥስ ግን ማንም አልነገረኝም። ድራይደን የተባለው ደራሲ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አያልቅም ብሎ ተነሣና የገዛ መጽሐፉን ሳይቀር እየዞረ አረመ። ቢያንስ እሱ ያረመው የራሱን ነው።

መዝገበ ቃላቱ «ፋይት ዊዝ» ጠላትን መግጠም እንደሆነ በግልጽ ጽፎታል፤ አጠቃቀሙም ከ«አጌንስት» ጎን ለጎን ዛሬ ድረስ አለ። ልጁ ትክክል ነበር።

አንተ ልጅ፣ አሁን ሃምሳ አልፎሃል። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ያን ቀን ከሃያ አሥራ ሰባት ነበር የሰጠሁህ። አሥራ ስምንት ነው።