ያልታለበች ላም
የነዳጅ ፍለጋ ታሪክና የአክሲዮን ገንዘብ



«ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ነዳጅ የተነገረ አይደለም። ይሁን እንጂ የአገራችንን የነዳጅ ፍለጋ ታሪክ ለሚመረምር ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝለትም፤ ልዩነቱ የእኛይቱ ላም በሰማይ ሳትሆን ከምድር በታች መሆኗ ብቻ ነው። በ2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ሥራውን ጀምሯል፤ ስለ አክሲዮን መነጋገርም ከነጋዴው አልፎ ወደ ደመወዝተኛው ቤት ገብቷል። ስለዚህ ነገ «የነዳጅ ኩባንያ አክሲዮን ግዛ» የሚል ሰው ቢመጣ፥ ከመልሱ በፊት ታሪኩን ማወቅ ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገራችንን ከመንዝ እንጀምር። በቀየት፥ በጊሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የሚኖረው ሕዝብ ላምባን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው በኩራዝ ውስጥ ሲነድ ነው፤ እርሱም ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ነበር። የደጋው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። የዠማ ወንዝ ምድሩን ቈርጦ በወረደበት ገደል ግን፥ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሮ ይታያል። የዚሁ የጥንት ዘመን ድንጋይ በኦጋዴን እጅግ ጠልቆ ተቀብሮ ይገኛል፤ ነዳጅ ፈላጊዎችም የሚከተሉት እርሱን ነው። ከጊሼ በስተሰሜን በወሎ ምድር፥ በወረኢሉ፥ ዘይት ከዐለት ውስጥ እየሰረገ መውጣቱ በጂኦሎጂ ሊቃውንት ተመዝግቧል። ይህ ግን ምልክት ነው እንጂ ሀብት አይደለም፤ የጭስ ሽታ እንጀራ እንዳልሆነ ሁሉ።

በ1945 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲንክሌር ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመላው አገር ነዳጅ እንዲፈልግ የ50 ዓመት ፈቃድ ሰጠ። ኩባንያው በኦጋዴን ከዐሥር ዓመት በላይ ከደከመ በኋላ፥ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሳያገኝ ወጣ። የጠፋው ገንዘብ የባለአክሲዮኖቹ ነበር። ለአገሪቱ የተረፈላት ደግሞ ስለ ምድሯ የተገኘው ዕውቀት ነው፤ ከኋላ የመጡት ፈላጊዎች ሥራቸውን ከባዶ እንዳይጀምሩ ያደረጋቸው ይኸው ዕውቀት ነበር።

ከዚያም በ1973 ቴኔኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ደስታው ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ጋዝ እንደ ዘይት በበርሜል ተሞልቶ በመኪና የሚላክ ዕቃ አይደለም። ወይ ረጅም ቧንቧ፥ ወይ በብርድ ወደ ፈሳሽነት የሚለውጠው ፋብሪካ፥ ከሁሉ በፊትም ገዢ ይፈልጋል። በ1974 አብዮት መጣ፤ በ1977 የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች ጕድጓዶች እየቈፈሩ የጋዙን መጠን መረመሩ። በ1994 የዓለም ባንክ ለካሉብ ልማት ብድር ፈቀደ፤ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበርም ተቋቋመ፤ ጋዙ ግን አልወጣም። በ2007 የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለቀቀ። በ2013 ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ውል ተዋዋለ፤ እስከ ጅቡቲ የሚደርስ ቧንቧም ታሰበ፤ መንግሥትም ውሉን በ2022 ሠረዘው። በመጨረሻ በ2025 የኦጋዴን የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ክፍል ተመረቀ። ከግኝቱ እስከ ምረቃው 52 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ጋዙ በተገኘበት ቀን ሥራ የያዘ ወጣት ጸሐፊ፥ ምረቃውን የሚሰማው በጡረታ ላይ ሆኖ ነው።

የባሕሩም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በዳህላክ ደሴቶች ዘይት ፈልገዋል። በ1960ዎቹም ሞቢልና ገልፍ የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች በቀይ ባሕር ውስጥ ቈፈሩ፤ እጅግ ወፍራም የጨው ድንጋይም ገጠማቸው። በ1969 ከሞቢል ጕድጓዶች በአንዱ ጋዝ በኀይል ገንፍሎ ወጣ፤ ሀብት ግን አልሆነም። በ1993 ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፥ ይህ ምዕራፍ ለእኛ ተዘግቷል።

በሌላው ዓለም ግን ሰዎች ከጨው ሥር ዘይት አገኙ። ፔትሮብራስ የተባለው የብራዚል ኩባንያ በ2006 ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ውሃ በታች፥ ከወፍራም ጨው ሥር፥ ቱፒ የተባለውን ታላቅ የዘይት ማዕድን አገኘ። በ2010 ለዚሁ ሥራ 70 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል አክሲዮን ሸጠ። ዘይቱ እውነተኛ ነበር፤ መፍለቁንም አላቋረጠም። ሆኖም ከ2014 ጀምሮ በኩባንያው ውስጥ የነበረው ጉቦ ተገለጠ፤ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው በርሜልም በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የአክሲዮኑም ዋጋ አብሮ ወደቀ። በዚያው በ2010፥ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የብሪታንያው ቢፒ ያስቈፍረው የነበረ ጕድጓድ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ኩባንያውም ለባለአክሲዮኖቹ የሚከፍለውን የትርፍ ድርሻ ለጊዜው አቋረጠ። ከዘይት አጠገብ ሩቅ ሆኖ የተቀመጠ ጡረተኛ ሳይቀር የዚያ ጕድጓድ ዕዳ ደረሰው።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ፥ ይህ ሁሉ የሚያስረዳን አንድ ነገር ነው። ምልክት ማየት ማግኘት አይደለም፤ ማግኘት ማውጣት አይደለም፤ ማውጣትም ማትረፍ አይደለም። በእነዚህ በአራቱ መካከል ዓመታት፥ ጦርነት፥ ቧንቧ፥ የዓለም ገበያና የአስተዳዳሪዎች ታማኝነት ይገኛሉ። ስለዚህ አክሲዮን ሲቀርብልን «ጋዝ አለ ወይ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። «ኩባንያው ከአራቱ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ምርቱ በየት በኩል ያልፋል? ገዢው ማነው? ሒሳቡንስ ማን ይመረምረዋል?» እንበል።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች አንዱ ጕድጓድ ቢደርቅባቸው ሌላውን ይቈፍራሉ፤ የወር ደመወዝተኛ ግን ያለው አንድ ጕድጓድ ነው። ለልጆቹ ትምህርት ወይም ለቤቱ ክዳን ያስቀመጠውን ገንዘብ ለ52 ዓመት ማስቀበር አይችልም። ከዕለት ኑሮው የተረፈ፥ ቢዘገይም የማይጐዳው ገንዘብ ያለው ሰው ግን አጣርቶና ጠይቆ ቢገባ የሚነቀፍ አይደለም። ላሚቱ እውነተኛ ልትሆን ትችላለችና፤ ወተቱን ከመቍጠር በፊት ግን ማን እንደሚያልባትና መቼ እንደምትታለብ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።