የጋዜጠኝነት መምህራን ከየት መጡ? የሚያጠኑትስ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ጋዜጣ መታተም ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ለንባብ ሲበቁ ጋዜጦቹን ያዘጋጁ የነበሩት ሰዎች የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው፣ በውጭ ቋንቋ ዕውቀታቸው የተመረጡ ወይም በብዕራቸው የታወቁ እንጂ ጋዜጠኝነትን በትምህርት ቤት የቀሰሙ አልነበሩም። ሙያው በአገር ውስጥ ራሱን በቻለ ተቋም፣ በዲፕሎማ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ትምህርቱ ዘግይቶ በመምጣቱም የመጀመሪያዎቹ ተቋማት በራቸውን ሲከፍቱ የገጠማቸው ችግር የሕንፃና የካሜራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሙያውን ማን ያስተምረው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነበር።

ጉዳዩ ለዜና ማሰራጫ ድርጅቶች ብቻ የሚተው አይደለም። ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ምሩቃን ሁሉ ሪፖርተር አይሆኑም፤ በርካቶቹ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ በክልል ቢሮዎች፣ በዞንና በወረዳ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ይቀጠራሉ። በሰሜን ሸዋ ከፍታዎች ከምትገኘው የግሼ ወረዳ ከተማ ከራቤል ስለ ሰብል አሰባሰብ ወይም ስለ መንገድ ሥራ የሚወጣ ዜና፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ካለ አርታኢ ጠረጴዛ ከመድረሱ በፊት በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ እጅ ማለፉ የተለመደ ነው። ያ ሠራተኛ ዜናን እንዴት እንደሚረዳ፣ ከኃላፊው ጋር ባለው ግንኙነት ራሱን ጋዜጠኛ ነኝ ወይስ አፈ ጉባኤ ብሎ እንደሚያስብ የሚወስነው በከፊል ያስተማሩት ሰዎች ማንነት ነው።

ከዲፕሎማው ትምህርት መጀመር በፊት ሙያውን በትምህርት መከታተል የሚሻ ሰው ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ለዚህ ስመ ጥሩው ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ተጠቃሽ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ካጠኑ በኋላ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጥለው፣ ተመልሰውም «መነን»፣ «አዲስ ሪፖርተር»ና «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መርተዋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 የሠራው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያም በወቅቱ በርካታ የአገር ውስጥ የብሮድካስት ባለሙያዎች ሥራን እየሠሩ የተማሩበት ስፍራ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ የሥልጠናው አቅጣጫ ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች ዞረ። ከእነዚህ የተለያዩ መንገዶች የመጡ ሰዎች በአንድ የዜና ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ሠርተዋል፤ አንዱ የምዕራቡን፣ ሌላው የምሥራቁን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአለቃው ያየውን ዘዴ ይዞ።

የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት የዲፕሎማ ትምህርት መስጠት ሲጀምር፣ በግሉ ዘርፍም ዩኒቲ ኮሌጅ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ሲከፍት መምህራኑ በአመዛኙ ከሁለት ወገን ተገኙ። በአንድ በኩል ከዜና ክፍል የመጡ አንጋፋ ባለሙያዎች ነበሩ። ለረጅም ዓመታት በጋዜጠኝነት ሠርተው በኋላ ሙያውን በማስተማር የታወቁት ማዕረጉ በዛብህ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ከቋንቋና ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች የተሻገሩ መምህራን ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ የሥራውን ልምድ እንጂ ከፍተኛ ዲግሪ የሌላቸው፣ ሁለተኛዎቹ ዲግሪውን እንጂ ለማለዳ ዜና የመድረስን ጭንቀት ያላዩ ነበሩ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ይህ ዓይነቱ ክፍፍል የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ከከፈቱ ወዲህ፣ ማስተማር ያለበት ጋዜጠኛው ነው ወይስ ተመራማሪው የሚለው ክርክር ተቋርጦ አያውቅም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለታዳጊ አገሮች ይጠቅማል ያለውን የጋዜጠኝነት ሞዴል ሥርዓተ ትምህርት ሲያወጣም የተግባር ሥልጠናና አካዳሚያዊ ዕውቀት ጎን ለጎን እንዲሄዱ መክሯል። በምክር ደረጃ ቀላል ነው፤ ሁለቱንም አሟልቶ የያዘ መምህር ማግኘቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታለመ ነበር። መርሐ ግብሩ በኖርዌይ ድጋፍ ሲጀመር ዋናው ተባባሪ ስመ ገናና ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ጊምለኮለን የሚባል፣ በደቡብ ኖርዌይ በክርስቲያንሳንድ ከተማ የሚገኝ አነስተኛ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ኮሌጅ ነበር። ኮሌጁ ከኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሚሲዮኑ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ይንቀሳቀስ ስለነበር ለአገሪቱ እንግዳ አልነበረም። ጊምለኮለን በኋላ ኤን.ኤል.ኤ. ከተባለው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዷል።

ከኮሌጁ መምህራን መካከል በኢትዮጵያ ጋዜጠኝነት ላይ ብዙ የጻፉት ቴርዬ ሼርዳል ናቸው። የማስተርስ ጥናታቸውን የሠሩት በደቡብ አፍሪካ ናታል ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ያጠኑት ከአፓርታይድ ማክተም በኋላ የፕሬስ ሚና ምን መሆን አለበት በሚል በአገሪቱ ይካሄድ የነበረውን ክርክር ነው። ለዚሁም እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 የወጡ 102 የጋዜጣ ጽሑፎችን መርምረዋል። ጋዜጣ መንግሥትን ይጠብቅ ወይስ አገር ግንባታን ያግዝ የሚለው ይህ ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡም አብሯቸው መጥቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ መርሐ ግብር በአስተማሪነትና በአስተባባሪነት ሲሠሩ ያተኮሩት ብዙ የውጭ አገር አጥኚዎች በሚመርጡት በግሉ ፕሬስ ላይ ብቻ ሳይሆን በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን በሚሠሩ ጋዜጠኞች ላይ ነው።

ምርጫው ቀላል መስሎ ቢታይም ትርጉም ነበረው። በዘመኑ ስለ ኢትዮጵያ ፕሬስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ታሰሩና ስለ ተሰደዱ የግል ጋዜጠኞች ነበር። የመንግሥት ጋዜጠኛው፣ ማለትም በቁጥርም ሆነ በሥርጭት ስፋት ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ባለሙያ፣ የራሱ ሐሳብ የሌለው የደመወዝ ሠራተኛ ተደርጎ ይታለፍ ነበር። ሼርዳል በርካታ የመንግሥት ጋዜጠኞችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2012 ለኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የሚያሳየው ግን ጋዜጠኛው በተለያዩ ታማኝነቶች መካከል የሚሳብ መሆኑን ነው። ለሙያው ሥነ ምግባር ታማኝ መሆን ይሻል፤ ለአገሩ ልማትና ለቀጠረው ተቋምም እንዲሁ። ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ችግር የለም፤ ሲጋጩ ግን የሚወስነው ብቻውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሌላው ጥናታቸው ይህንኑ ውሳኔ በቅርበት ይመለከታል። ጥናቱ የሚጠይቀው ጋዜጠኛው ራሱን በራሱ ሳንሱር ሲያደርግ ድርጊቱን ለኅሊናው እንዴት እንደሚያስረዳ ነው። ነጥቡ ለኃላፊዎች ጠቃሚ ይመስለናል። ከልምድ እንደሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ዜናን የሚያስቀረው «ይህን እንዳትጽፍ» የሚል ደብዳቤ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባ በስብሰባ ላይ መገሠጹ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ዘጋቢው ጥያቄውን ራሱ ይተወዋል። ኃላፊውም በበኩሉ ምንም ሳይከለክል ምንም ሳይጠየቅ ይውላል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ልማታዊ ጋዜጠኝነትን የአሠራር መርሐቸው ሲያደርጉ ሼርዳል ይህንንም አጥንተው ጽሑፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። ጋዜጠኞቹ መርሑን በአጠቃላይ የሚደግፉ ሆነው ሳለ በአፈጻጸሙ ግን የጽንሰ ሐሳቡ አለመጥራት፣ ፖለቲካዊ መልክ መያዙና የታችኛው ኅብረተሰብ ድምፅ ማነስ እንደሚያስቸግራቸው ጥናቱ ያመለክታል። የመጨረሻው ነጥብ በወረዳ ደረጃ ላሉ አንባቢዎቻችን ግልጽ ነው። ስለ ተፋሰስ ሥራ በሚዘገብ ዜና ውስጥ የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሦስት አንቀጽ፣ ገበሬው አንዲት የምስጋና ዐረፍተ ነገር የሚያገኙበት አሠራር ልማታዊ ጋዜጠኝነት በሚል ስም ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል።

ከሁሉ ይልቅ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊነበብ የሚገባው ግን ብርሃኑ ሎዳሞ ከሼርዳል ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ የሚመለከተው የዜና ምንጮች ለጋዜጠኞች የሚሰጧቸውን ስጦታዎችና በተለምዶ በቡናማ ፖስታ ይሰጣል የሚባለውን ገንዘብ ነው። ልማዱ በመላው አፍሪካ የታወቀ ሲሆን በጋና «ሶሊ»፣ በካሜሩን «ጎምቦ»፣ በታንዛኒያ «ምሺኮ» ይባላል። በእኛ አገር በአመዛኙ የሚታወቀው አበል በሚለው የተከበረ ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ ጋዜጠኛውን ለመስክ ጉብኝት ሲጋብዝ ተሽከርካሪውንም የውሎ አበሉንም ይችላል፤ የጋዜጠኛው መሥሪያ ቤት በጀቱ አይበቃም፤ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን እንደ ትብብር ያዩታል። ዜናው ሲጻፍ ግን በጉብኝቱ የታየውን የተሰነጠቀ ግድብ ማን ያነሳዋል? ፖስታውን የሚቀበለው ጋዜጠኛ ቢሆንም በጀቱን የሚይዘውና የሚፈርመው ሌላ ሰው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በድኅረ ምረቃው የሰለጠኑና በኋላም ዶክትሬታቸውን የያዙ ኢትዮጵያውያን መምህራን የምርምሩን ሥራ በራሳቸው ጥያቄዎች ቀጥለውበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሙላቱ ዓለማየሁ ሞገስ የአገር ውስጥ ግጭቶች በመገናኛ ብዙኃን እንዴት እንደሚዘገቡ፣ ይበልጡንም ለምን ሳይዘገቡ እንደሚቀሩ ያጠኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጽሑፍ ራስን ሳንሱር ከማድረግ ወደ ፍጹም ዝምታ የተደረገውን ጉዞ ይተነትናል። ሦስት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሼርዳል ጋር ያወጡት ሪፖርት ደግሞ መገናኛ ብዙኃኑ በብሔር መስመር መደራጀታቸውን የሚመለከት ነው። የሁለቱ ጥናቶች ቅደም ተከተል ራሱ ብዙ ይናገራል፦ መጀመሪያ ግጭቱ አይዘገብም ነበር፤ ቀጥሎ ሁሉም ከየራሱ ወገን ይዘግበው ጀመር።

ከማስተማሪያ ክፍል ወደ መንግሥት ኃላፊነት የተሻገሩም አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን መምህር የነበሩት ዶክተር ነገሪ ሌንጮ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ሲያስተምሩ የቆዩት ሰው፣ ጥያቄ በበዛበትና መልስ በተቆጠበበት ወቅት የመንግሥት ቃል አቀባይ መሆናቸው ነው። ጽሕፈት ቤቱም በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የአስፈጻሚ አካላት ለውጥ ማግስት በዚያ ስያሜው አልቀጠለም።

ዛሬ የጋዜጠኝነት ትምህርት በአዲስ አበባ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ባሕር ዳርን፣ መቀሌን፣ ሐዋሳን፣ ጅማንና ሐረማያን ጨምሮ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። መምህራኑም በአብዛኛው በአገር ውስጥ የተማሩ ወጣቶች ሆነዋል። አንድ ነገር ግን ከቀድሞው አልተለወጠም፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ስለ ዜና አወቃቀር በእንግሊዝኛ ይማራል፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል፣ ሲቀጠር ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ይጽፋል። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶችም የታተሙት በእንግሊዝኛ ሲሆን የወጡትም በውጭ አገር መጽሔቶችና ድርጅቶች በኩል ነው። ስለ ኢትዮጵያዊው ጋዜጠኛና ስለ ኢትዮጵያዊው ኃላፊ የተጻፈው ጽሑፍ፣ በራቤል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዜና ለሚያዘጋጀው ሠራተኛም ሆነ የመስክ አበሉን ለሚፈርመው ኃላፊ በየዕለቱ በሚሠሩበት ቋንቋ አልቀረበላቸውም።