ቤድላም

እንግሊዞች ክፍል ሲንጫጫ፣ ስብሰባ ሲደበላለቅ «ቤድላም ነው» ይላሉ። እኛም ቃሉን መጽሐፍ ላይ ስናገኘው «ጫጫታ» ብለን እናልፈዋለን። ለካስ ቤተልሔም ኖሯል! እኛ ዘንድ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ስም፣ ለንደን ላይ የእብድ ቤት ስም ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1247 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከለንደን ቅጥር ውጭ የቤተልሔም ቅድስት ማርያም ገዳም ተመሠረተ። በ1403 የመጡ የንጉሡ መርማሪዎች አእምሯቸውን የሳቱ ስድስት ሰዎች እዚያ አገኙ። ሕዝቡም ስሙን አሳጥሮ ቤድላም አለው።

በ1676 ሮበርት ሁክ የነደፈው ትልቅ ሕንፃ ሙርፊልድስ ላይ ተሠራለት። ከውጭ ሲታይ ቤተ መንግሥት ነው። ውስጡስ? ከተሜው ለበዓል ይጎርፋል፤ ሳንቲም ይጥላል፤ ይስቃል። አንዳንዱማ በሽተኛውን ነካክቶ ያስጮኸዋል፤ ጩኸት ካልሰማ ምኑን አየው! እንግዲህ ዛሬ በቃሉ ውስጥ የቀረው ጎብኚው የሰማው ነው፤ የታማሚው ጭንቀት ትርጉሙ ውስጥ የለም።

እንዲህ ያለው ጉብኝት የተገደበው በ1770 ነው። ሰንሰለቱ ግን አልተፈታም። በ1814 ኖሪስ የሚባል አሜሪካዊ መርከበኛ አንገቱ በብረት ቀለበት ከቆመ ብረት ጋር ተጠፍሮ ተገኘ፤ እንደዚያ ሆኖ ዓመታት አሳልፏል። በ1815 ፓርላማው ምርመራ ያዘ፤ ኖሪስም በዚያው ዓመት ሞተ።

በእንግሊዞቹ መፍረድ ቀላል ነው። እኛስ መቼም «ከአማኑኤል ያመለጠ» እያልን ስንሳሳቅ፣ አማኑኤል የተኛውን ሰው ማን ያስበዋል?

የለንደኑ ሆስፒታል ዛሬም በከተማው ደቡብ በኩል በሽተኛ ያክማል። ስሙም ያው ቤተልሔም ነው።