ትንሹን ኮሌጅ ስለ መምረጥ



«የትኛውን ኮሌጅ ልምረጥ?» የሚለው ጥያቄ ለጅጅጋ ልጅ አዲስ ጥያቄ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ጥያቄው «መንገዱን እችለዋለሁን?» የሚል ነበር። ከፍተኛ ትምህርት የተመኘ ወጣት የካራማራን ተራራ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር መድረስ፣ ከዚያም ወደ ዓለማያ ወይም ከጅጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው አዲስ አበባ መዝለቅ ነበረበት። ዛሬ ከተማችን ዩኒቨርሲቲም ኮሌጆችም አሏት። ምርጫ መጣ፤ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል። ይህችን አጭር ጽሑፍ መጻፌ መለኪያውን ከታሪክ ለመፈለግ ነው።

የሀገራችን ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ያደራጁትና የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ኋላ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጾች ያሳተሙት ክላውድ ሰምነርም እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በዚያው ፍልስፍና አስተምረዋል። የኮሌጁ ፈለግ ምዕራባውያን «ሊበራል አርትስ» ለሚሉት የቀረበ ነበር፤ ተማሪውን ለአንድ የሥራ ወንበር ብቻ ከማዘጋጀት ይልቅ ማሰብን፣ መጻፍንና መከራከርን ያስቀድማል።

የዚያ ትምህርት ፍሬ ከታየባቸው መድረኮች አንዱ የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ነው። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ያሰማው በዚያ መድረክ ነበር። የድሃውን ብሶት በአደባባይ ለመናገር ቋንቋም ድፍረትም ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚያሳድግ ቤት ሰፊ ግንብ ያለው መሆን እንደማይጠበቅበት ከዚህ እንረዳለን።

ለእኛ ለምሥራቆቹ የቅርቡ ደጃፍ ዓለማያ ነበር። ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ በመጀመሪያ በጅማ አስተምሮ፣ ኋላ ወደ ዓለማያ ተዛውሮ፣ በጥር 1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። ይህኛው አፈርን፣ ዘርንና ከብትን የሚያጠና፣ ለሙያ የቆመ ኮሌጅ ነበር። ሁለቱም በ1954 ዓ.ም. በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለሉ። ካራማራን የተሻገረ ወጣት እንግዲህ ከፊቱ ሁለት ፈለግ ነበረው፤ አንደኛው ሰፊ ዕውቀት፣ ሁለተኛው የተለየ ሙያ።

ጦርነት ግን ምርጫን ይቀማል። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ተይዛ፣ በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን እስክትመለስ ድረስ፣ ስለ ኮሌጅ ማን ያስብ ነበር? በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ከሐርጌሳና ከአካባቢው የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሐርትሼክና ወደ ጎረቤት መንደሮች ፈለሱ። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በቦረማ አቅራቢያ በአሮጌው የአሙድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አሙድ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ሀገሬውና በውጭ ያለው ወገኑ አዋጥተው፣ በጥቂት ተማሪዎች የከፈቱት ነው።

በእኛ በኩል ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በሩን ከፈተ፤ መምህራን የሚያሠለጥነው የዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ኮሌጅም በከተማችን ይገኛል። ነገር ግን በሮች በበዙበት በዚያ ዘመን የትምህርቱ ስፋት ጠበበ። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የመሰናዶ ትምህርት ሲተከል፣ የዩኒቨርሲቲው የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ቀረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያም ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወሰነ። እኔም የዚያ ትውልድ ልጅ ነኝ፤ ዲግሪዬን በሒሳብ አያያዝ ይዤ፣ ግጥምን በራሴ ጊዜ፣ በማታ ንባብ ተማርሁ። የጋራው ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ አብረው ተመለሱ። የ1943ቱ አሳብ በከፊልም ቢሆን ትንሣኤ አገኘ ማለት ነው።

በምሠራበት የባንክ መስኮት የኮሌጅ ክፍያ ሊያስገቡ የሚመጡ ወላጆች አሉ። አንዲት የቶጎ ውጫሌ እናት ከውጭ ሀገር የተላከላቸውን ገንዘብ እያስረከቡኝ፣ «ወላል፣ ግቢው ጠባብ ነው፤ እውነት ኮሌጅ ነውን?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዘመን የቤተሰብ ጥሪት በአንድ ልጅ የኮሌጅ ምርጫ ላይ ይወድቃል።

«ሆዮ፣ ግቢውን ትተው ሦስት ነገር ይጠይቁ» አልኋቸው። አንደኛ፣ ኮሌጁ ልጅዎ ለሚማርበት ለዚያው የትምህርት ዘርፍ፣ ለዚያው ቅርንጫፍ የዕውቅና ፈቃድ አለውን? የአንዱ ዘርፍ ፈቃድ ለሌላው አያገለግልምና። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመንግሥትም ለግልም ተመራቂ ግዴታ በሆነው የመውጫ ፈተና ስንቱ ተማሪው አለፈ? ሦስተኛ፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋልን? ጽሑፉን አርሞ ይመልስለታልን? ከሙያው ውጭስ የሚያነበው መጽሐፍ አለን?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙዎች ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን የትንሽ ኮሌጅ ጸጋ በእርሱ ውስጥ ነው እላለሁ። በጋና የሚገኘው አሼሲ እ.ኤ.አ. በ2002 አክራ ላይ በኪራይ ቤት በ30 ተማሪዎች ሲጀመር፣ መሥራቹ ፓትሪክ አዋህ ይዞት የመጣው በአሜሪካ በስዋርትሞር፣ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ፣ ያገኘውን ሰፊ ትምህርት ነበር። አሼሲ ዛሬ በአፍሪካ ስሙ የታወቀ ተቋም ነው። 33 እና 30፤ ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቁ ናቸው።

ትንሽነት በራሱ ምስጋና አይገባውም፤ ፈቃድም መምህርም የሌለው ጠባብ ግቢ ጠባብ ግቢ ብቻ ነው። መምህሩና መጽሐፉ ከተገኙ ግን የቶጎ ውጫሌ እናት ገንዘባቸው አልባከነም። እኔም አንባብያንን በአንዲት የራሴ ቤት ልሰናበት፦

ትልቅ በር ተከፍቶ ስምህ ካልተጠራ፣
በትንሿ ደጃፍ መብራትህን አብራ።

ቸር ይግጠመን።