ራብዒት፦ የጎንደር ጉባኤ ቤት የጊዜ ስፍርና የፑልሳር ፕላኔቶች

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር የመንግሥት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የጉባኤ ቤት ከተማም ነበረች፤ በጉባኤዎቿ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱም ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዓላትና አጽዋማት በፀሐይና በጨረቃ ዑደት የሚወጡበት ቀመር ነው። 1984 ዓ.ም.ን የሚያወጣ ደቀ መዝሙር 5500 ዓመተ ኩነኔ ሲደምርበት 7484 ያገኛል፤ በ19 ሲገድፈው 17 ይተርፈውና አንዱን ለዘመን ሰጥቶ 16 ወንበር ይይዛል፤ ወንበሩን በ11 አብዝቶ በ30 ሲገድፈው 26 አበቅቴ፣ በ19 አብዝቶ በ30 ሲገድፈው ደግሞ 4 መጥቅዕ ይወጣለታል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የዕለት አከፋፈሉ ነው። ዕለት በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲት በ60 ራብዒት እየተከፈለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል፤ በዛሬው ስፍር ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ ሲሆን ራብዒት የሰከንድ 150ኛ እጅ ብቻ ነው። ይህን ያህል ደቂቅ ጊዜ በጥላም ሆነ በውሃ ሊለካ አይችልም ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን ስም ሰጥተው በቃል ያዙት።

በ1960 ዓ.ም. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል በየ1.337 ሰከንዱ፣ ማለትም በየሦስት ሣልሲት ከሲሶው፣ ሳያዛንፍ የሚመላለስ የሬዲዮ ትርታ ከሰማይ አገኘች፤ ምንጩ ፑልሳር፣ ይኸውም ግዙፍ ኮከብ ፈንድቶ ሲያልቅ የሚቀር፣ ከፀሐይ የሚከብድ ቁስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት የታመቀበት፣ እየሾረ ጨረሩን በዙሪያው የሚያዞር ቅሪት ነው። ከላይ ወንበሩ 16 በወጣለት በ1984 ዓ.ም. ደግሞ አሌክሳንደር ቮልሽቻንና ዴል ፍሬይል ሰንቡላ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለ፣ አንዱን ዙር በ6.2 ሺኛ ሰከንድ፣ አንድ ራብዒት እንኳ ሳይሞላ የሚጨርስ ፑልሳር ፕላኔቶች እንዳሉት ይፋ አደረጉ። በፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የተመዘገበው ትርታ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይደርስ ነበር፤ ፕላኔቶቹ በስበታቸው ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ስለሚጎትቱት፣ ወደ ምድር ሲቀርብ ትርታው ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል። ሁለቱ እያንዳንዳቸው የመሬትን አራት እጥፍ ያህል ይከብዳሉ፤ ዙራቸውንም በ66 እና በ98 ቀን ገደማ ይፈጽማሉ፤ በኋላ የተረጋገጠው ሦስተኛው ከጨረቃችን እምብዛም አይበልጥም። ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ መኖራቸው በመጀመሪያ የተረጋገጠ ፕላኔቶች እነዚህ ናቸው።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12.6 ዲግሪ ላይ ስትሆን ፑልሳሩም ከሰማይ ወገብ በስተ ሰሜን በ12.7 ዲግሪ ላይ ይገኛልና፣ በመጋቢት መጨረሻ እኩለ ሌሊት ካለፈ ጥቂት ቆይቶ፣ ለዓይን ሳይታይ፣ በከተማዋ አናት ትክክል ያልፋል።